ለዘጠኝ ወር ሕፃን የምን የሥራ ሕክምና ነው? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እየተመላለስን ያገኘነው ኦኩፔሽናል ቴራፒ

«ለዘጠኝ ወር ሕፃን የምን የሥራ ሕክምና ነው?»

አማቴ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። ቀጠሮ መያዜን የነገርኳቸው ማታ ነው። እንዝርታቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ። መልስ አልነበረኝም። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባል ነገር መኖሩን ራሴም የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። በአማርኛ ሲያወሩት አንዳንዱ የሙያ ሕክምና ይለዋል፣ ሌላው የሥራ ሕክምና ይለዋል፤ ሁለቱም ስም ገና ጡት ለሚጠባ ልጅ የሚሆን አይመስልም።

ዛሬ ልጄ ማሙሽ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። እስከ ዛሬ 14 ጊዜ ወስደነዋል። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ካሉ እናቶች በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ፣ ያየሁትን ጥሩውንም ጉድለቱንም እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ልጄ የተወለደው ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ በ33 ሳምንቱ ነው። ሰባት ሳምንት ቀድሞ ማለት ነው። 1 ኪሎ ከ700 ነበር። ጡት የመሳብ አቅም ስላልነበረው ሁለት ሳምንት በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነው የተመገበው። ከዚያ በካንጋሮ እንክብካቤ ደረቴ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ ከነገላው ይዤው ከረምኩ። ኪሎው ጨመረ፣ ወደ ቤት ገባን፣ ሁሉም ሰው እግዚአብሔር ይመስገን አለ። እኔም አልኩ። ግን ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማኝ ጀመር። በሆዱ ሳስተኛው ይጮሃል። ቀኝ እጁን ጭብጥ አድርጎ ነው የሚውለው። አጥሚት ስሰጠው ትን ይለዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ እኔም እደነግጣለሁ።

አንድ ቦታ ወስጄው ነበር፤ «ያለቀኑ ስለተወለደ ነው፣ ይደርሳል፣ ታገሺ» ብለው መለሱኝ። ጎረቤትም ያለው ያንኑ ነው፣ ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው እየተባለ። ሦስት ወር ታገስኩ። ይህን ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ዘግየት ማለቱ እውነት ነው፤ ስንት ዘገየ፣ ምኑ ላይ ዘገየ ብሎ የሚያይለት ሰው ግን ያስፈልገው ነበር። በመጨረሻ የላከን ክትባት ላይ ያገኘነው አንድ ነርስ ነው። እጁን አየት አደረገና «ይህን ልጅ ቴራፒስት ይየው» አለን።

ነሐሴ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን በጉምና በዝናብ አለፍን። ማሙሽ ላይ የደረብኩትን ልብስ ብቆጥር ሰባት ነው። የኛን ከተማ ብርድ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። ነጭ ጋወን አልለበሰችም። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና «ኑ፣ እዚህ እንቀመጥ» አለችን። ልጁን አልነካችውም። መጀመሪያ ያለችኝ «ከጠዋት ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፈው? አንድ በአንድ ንገሪኝ» ነው። ማን ያቅፈዋል? የት ይተኛል? በምን ይታዘላል? ማን ያበላዋል፣ ተቀምጦ ነው ተጋድሞ? በቀን ስንት ሰዓት መሬት ላይ ይሆናል? የመጨረሻውን ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ። መሬት ላይ አይሆንማ። ወይ ጀርባ ላይ ነው፣ ወይ አልጋ ላይ ነው፣ ወይ እቅፍ ውስጥ ነው። ቤታችን ሲሚንቶ ነው፤ በክረምት ሲሚንቶ ላይ ልጅ የሚያስቀምጥ ማን አለ?

ስሙ ያኔ ነው የገባኝ። ሙያው አሜሪካ ውስጥ በማኅበር የተደራጀው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ የቆሰሉ ወታደሮችን በሽመና፣ በእንጨት ሥራ፣ በእጅ ሙያ ወደ ኑሯቸው ለመመለስ ብዙ ሠርተውበታል፤ «ሥራ» የሚለው ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ግን ሥራ ሲሉ ደመወዝ ያለውን ብቻ ማለታቸው አይደለም። የሰውን ቀን የሚሞላው ነገር ሁሉ ነው። የሕፃን ቀን በምን ይሞላል? መጥባት፣ መብላት፣ መተኛት፣ መጫወት፣ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ። ቴራፒስቷ የምታየው እነዚህን ነው፤ ልጁ በእጁ፣ በአፉ፣ በዓይኑ፣ በሰውነቱ ምን እያደረገ ነው፣ ምን አቃተው፣ ያቃተውስ ለምንድን ነው የሚለውን። ለአማቴ ማታ በስልክ ይህን ስነግራቸው «እንዲያማ ከሆነ ሥራው ብዙ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ዕድሜውን አስተካከለችልኝ። ያለቀኑ የተወለደ ልጅ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ የሚመዘነው መወለድ ከነበረበት ቀን ተቆጥሮ ነው። ማሙሽ ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ በእሷ አቆጣጠር ግን ገና ሰባት ወር ከጥቂት ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሰንጠረዥ አሳየችኝ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ሰፊ ነው! ከእነዚያ ልጆች ውስጥ ከመቶ አራት ያህሉ ጭራሽ ሳይድሁ ነው የሄዱት። ስለዚህ አለመቀመጡ ብቻውን እሷንም አላስጨነቃትም። ያስጨነቃት እጁ ነው።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው ቤት ያለ ነገር ስለሆነ።

ማሙሽ ሁሉን ነገር በግራ ነበር የሚይዘው። እኛ ቤት ይህ ሌላ ጣጣ ነው። አማቴ «ግራኝ ሊሆንብን ነው» ብለው ግራ እጁን በነጠላቸው ጫፍ ሸብ ያደርጉበት ነበር፣ ክፋት አስበው አይደለም፣ ሲያድግ ማዕድ ላይ በግራ እጁ እንዳይቆርስ ብለው ነው። እኔም አልከለከልኳቸውም። ቴራፒስቷ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። አንድ ትንሽ ኩብ በቀኙ በኩል አስቀመጠችለት። ማሙሽ አየው። ቀኝ እጁ ኩቡ አጠገብ ነው። ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ፣ ወገቡን አጣሞ፣ በግራው አነሳው። ደገመችው። ያንኑ አደረገ። «አየሽ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ግራውን መርጦ አይደለም። ቀኙ እንቢ ብሎት ነው።»

ልጅ ከ18 ወር በፊት አንዱን እጅ ለይቶ አይይዝም አለችኝ፤ ሁለቱንም ያቀያይራል። ስድስት ወር አካባቢ ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማሸጋገር ይጀምራል፣ ከዘጠኝ እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ጥቃቅን ነገር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ መልቀም ይመጣል። ገና ሕፃን ሆኖ በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም ልጅ ካያችሁ ግራኝ ነው ወይም ቀኝ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሌላኛው እጅ ችግር ሊኖርበት ይችላል። በዚያው ቀን ለሕፃናት ሐኪም የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፈችልን። ሐኪሙም አየው፤ በቀኝ በኩል ድክመት አለው፣ ክትትል ያስፈልገዋል፣ ቴራፒው ይቀጥል አለን። ይህንን ማዕከል ከማመሰግንበት አንዱ ይህ ነው። ሁሉን እኔ አክመዋለሁ አላለችም።

አማቴንና ቴራፒስቷን በቴሌግራም ቪዲዮ አገናኘኋቸው። «እማማ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ነገር ይስጡት» አለቻቸው። «ግራውን አይሰሩበት፣ ቀኙን ሥራ ይስጡት።» ምን ልስጠው ልጄ አሏት። ቤት ውስጥ ምን አለ ብላ ጠየቀቻቸው። ከዚያ በኋላ ያለው የእሳቸው ፈጠራ ነው። የብረት ድስት ክዳን ሁለት አድርገው ማጋጨት። ትልቅ የጨርቅ ኳስ። ከሁሉ የበለጠው ግን የበግ ፀጉር ነው። አማቴ መንዝ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ፀጉር ሲያባዝቱ ነው የኖሩት። እፍኝ የታጠበ ፀጉር አንዱን ጫፍ በቀኝ እጁ መሐል ያስይዙትና ሌላውን ጫፍ ራሳቸው ቀስ ብለው ይስባሉ። ለስላሳ ነው፣ ሲሳብ ይረዝማል፣ ጭብጡን ካልያዘው ያመልጠዋል። እንዳያመልጠው ያዘ! አፉ ውስጥ እንዳያስገባው ዓይናቸውን አይነቅሉም። ቪዲዮውን ስልክላት ቴራፒስቷ ደጋግማ አየችው፤ «ይህን እኔም ለሌላ ልጅ እሞክረዋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። አማቴ መልእክቱን ሳነብላቸው ዝም አሉ፣ ቀጥለው ለጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ።

ሌላው የልብሱ ነገር ነው። ሰባቱን ልብስ አንድ በአንድ ስታወልቅ እኔ ልጄ ብርድ ይመታዋል ብዬ ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ቱታ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ እጁ ላይ ጓንት። አንዱን እጅጌ ይዛ ልታጥፈው ሞከረች፣ አልታጠፍ አለ። «ክርኑን ማጠፍ ካልቻለ እጁን እንዴት አፉ ጋ ያደርሳል?» አለችኝ። ሕፃን እጁን የሚያውቀው አፉ ውስጥ በመክተት፣ በመዳሰስ፣ በማየት ነው። ጓንት ውስጥ ያለ እጅ ምንም አይዳስስም። እንደ ደብረ ብርሃን ላለ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብርዱን ፈርተን ልጁን እናስረዋለን። ልብሱን ፈጽሞ ቀንሺ አላለችኝም። ቤቱ ሞቅ የሚልበትን ሰዓት ፈልጊ አለችኝ። እኛ ቤት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በመስኮት ይገባል። እዚያው ፀሐዩ ላይ ሰሌን፣ በላዩ ፍራሽ፣ በላዩ ብርድ ልብስ አነጠፍን። ጓንቱ ወጣ፣ ጃኬቱ ወጣ። ማሙሽ በሁለት ልብስ ብቻ መሬት ወረደ።

በሆዱ መተኛት የጠላውንም እንዲሁ በቤታችን ዕቃ ነው የፈታችው። ደብረ ብርሃን የምትታወቅበትን ወፍራም ብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጋ ደረቱ ሥር አስገባችለት፣ እጆቹ ከጥቅሉ ወደ ፊት ወጡ። ፊቱ መሬት ላይ ሲደፋ ነበር የሚጮኸው፤ ከፍ ሲል ዙሪያውን አየ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት፣ በቀን ብዙ ጊዜ። አንገትና ትከሻ ሳይጠነክር እጅ አይሠራም፤ እጁን ያየነው እኛ ነን፣ እሷ የጀመረችው ከትከሻው ነው። ይህ ግን ነቅቶ፣ ሰው እያየው ብቻ ነው። ሕፃን ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው ነው፣ እሱ ላይ ድርድር የለም ብላናለች። ለመቀመጥ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ! ውስጡን በብርድ ልብስ ሞልተን እዚያ አስቀመጥነው፤ ዳሌውን ይደግፈዋል፣ እጆቹ ነፃ ይሆናሉ፣ ቢያጋድልም አይወድቅም። አንድ ብር ሳናወጣ ወንበር አገኘን ማለት ነው።

ስለ መብላቱ። ማጋት የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁን ጭናችን ላይ አጋድመን፣ በእጃችን መዳፍ አጥሚቱን አፉ ውስጥ ማንቆርቆር። እኔም እናቴ እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ፣ አማቴም ስምንት ልጅ እንዲሁ ነው ያሳደጉት። ቴራፒስቷ እንዳበላው ጠየቀችኝና ቁጭ ብላ አየች። አጋደምኩት፣ ሰጠሁት፣ ትን አለው። ያኔ ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ ዳሌው ወደ ኋላ የተደገፈ፣ እግሩ የተደገፈ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ታች። ወደ ኋላ የተጋደመ ልጅ የሚወርደውን ፈሳሽ ማቆም አይችልም፣ ወደ መተንፈሻው ሊሄድበት ይችላል። ማንኪያው ትንሽ፣ ከፊት ለፊቱ፣ ምላሱ መሐል ላይ፤ ከዚያ መጠበቅ። ከንፈሩን ራሱ እስኪገጥም ድረስ መጠበቅ። እኔ ያልቻልኩት ይህን ነው፤ ቶሎ አብልቼ ቶሎ መጨረስ ነው የለመድኩት። አጥሚቱንም ወፈር አደረግነው፣ ቀጭን ፈሳሽ ቶሎ ስለሚሮጥ ነው። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ትንታው በግማሽ ቀነሰ።

ፊቱን ሲነኩት ለምን እንደሚሸሽም ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት ቱቦ አፍንጫው ውስጥ የቆየ፣ ፕላስተር ከጉንጩ ላይ ሲላጥ የነበረ ልጅ ፊቱን የሚነካ እጅ ሁሉ የሚያሳምመው ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከምግቡ በፊት የራሱን እጅ ይዘን ጉንጩን ማስነካት፣ ገንፎ ጣቱ ላይ አድርገን ራሱ እንዲልሰው መተው። ቤቱ ገንፎ በገንፎ ሆነ። ይሁን። አንድ ቀን ጠዋት በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ገንፎ ነክቶ ራሱ አፉ ውስጥ ከተተው። የ11 ወር ልጅ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ቦታው ላይ ነበር፣ ደወልኩለት፣ መናገር አቃተኝና አለቀስኩ፤ ልጁ የታመመ መስሎት ሮጦ መጣ።

አንድ ነገር አስተውሉ፣ ፊዚዮቴራፒና ይህ አንድ አይደሉም። የሚጋሩት አለ፣ አብረው የሚሠሩም አሉ። እኔ እንደገባኝ ፊዚዮው በዋናነት እንቅስቃሴው ላይ ነው የሚያተኩረው፣ ጡንቻው፣ አቋሙ፣ እርምጃው። ይህኛው በእንቅስቃሴው ምን ይሠራበታል የሚለውን ያያል፤ ማንኪያ ይይዛል ወይ፣ ይጫወታል ወይ፣ ድምፅና ንክኪ ያስደነግጠዋል ወይ፣ ይተኛል ወይ። በሀገራችን ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ትምህርቱን በዲግሪ መስጠት የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ። እየተመረቁ ሲመጡ አንድ ሁለቱ ሰሜን ሸዋ ቢመደቡልን ብዬ በጣም ነው የምመኘው። ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአለም ከተማ ልጅ አዝላ የምትመጣ እናት መጀመሪያ ደብረ ብርሃን መድረሷም ራሱ ቀላል አይደለም።

ካናዳን ካነሳሁ፣ ዎከር። ያ ጎማ ያለው፣ ልጁ መሐሉ የሚንጠለጠልበት። እህቴ ለልደቱ ከአዲስ አበባ ገዝታ አመጣችልን፣ ደስ ብሎን ነበር። ቴራፒስቷ ፎቶውን ስታይ መልሱት አለች። ልጁ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ይንሸራተታል እንጂ ሚዛኑን አይማርበትም፣ መሄድንም አያፋጥንም፣ ደረጃና ምድጃ ጋ ደግሞ ይወስደዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. መሸጡን ጭምር ከልክላለች። በምትኩ አግዳሚ ወንበር ይዞ እንዲቆም፣ ወንበሩ ላይ የሚወደውን ነገር እንድናስቀምጥ አደረገች። ወፌ ቆመች ያልነው በ14 ወሩ ነው፤ ድክ ድክ ያለው በ17 ወሩ።

አሁን ጉድለቶቹ።

ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። መቀመጥ የማይችሉ፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን እናቶቻቸው ጀርባቸው ላይ አዝለው ሲወጡ አይቻለሁ። አንዷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታርፍ ነበር። ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ምድር ቤት መከራየት ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ለባለቤቶቹም ነግሬያለሁ።

የሚሰጡት የቤት ሥራ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አነበዋለሁ፤ ልጁን ቀን ቀን የሚይዙት ግን አማቴ ናቸው። ስለዚህ እኔው በአማርኛ እየገለበጥኩ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ ሥዕልም ሣልኩበት። ሥራው ሁሉ ቤት የሚሠራ ከሆነ ወረቀቱ ቤት ያለው ሰው በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት።

ቀጠሮ አይከበርም። የሦስት ሰዓቱ አምስት ሰዓት ይገባል። ከሩቅ የሚመጣ ልጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተርቧል፣ እንቅልፉ መጥቷል፣ 45 ደቂቃው በለቅሶ ያልቃል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኖብን ከፍለን ተመልሰናል። ዋጋው በኛ ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ 1,200 ብር፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ 700 ብር ነበር፤ ትራንስፖርቱና ምሳው ሲጨመር ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ከባድ ነው። ቴራፒስቷ ይህን ገና ከመጀመሪያው አንስታዋለች። «በየሳምንቱ አትምጡ፣ በሁለት ሳምንት ኑ፣ መሐል ላይ ቪዲዮ ላኩልኝ» አለችን። ከሦስት ወር በኋላ በወር አንዴ፣ አሁን በሦስት ወር አንዴ ነው። መንገዱ ሰላም ያልነበረባቸው ሳምንታት ጭራሽ አልሄድንም፤ ያኔ ያቆየን ያ ቪዲዮ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ገንዘቡን ብለው በየሳምንቱ ሊያመላልሱን ይችሉ ነበር።

ውጤቱን በተመለከተ፣ የማሙሽ ቀኝ እጅ ዛሬም ከግራው ይደክማል። ሲሮጥ ክርኑ ትንሽ ይታጠፋል። ሙሉ በሙሉ ይስተካከላል ብላ ቃል አልገባችልንም፣ እኔም እንዲህ ያለ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ እላለሁ። ግን ያ ኩቡን በግራው አሻግሮ ያነሳ የነበረ ልጅ አሁን ድፎ ዳቦ በሁለት እጁ ይቆርሳል። ኩባያ በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣል። የዚህ ወር ሥራችን ካልሲ ነው፤ እኔ እስከ ተረከዙ አስገባለትና የቀረውን እሱ ይስባል። ግራው ይቀድማል፣ ቀኙ ትንሽ ቆይቶ ይደርስበታል፣ ከዚያ አንድ ላይ ይጎትታሉ። አማቴ አጠገቡ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ሊረዱት እጃቸውን ይዘረጉና መልሰው ይሰበስቡታል።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ የክትባት ካርዱንና ከተወለደበት ሆስፒታል የተሰጣችሁን ወረቀት ያዙ፣ በስንት ሳምንቱ እንደተወለደ ይጠይቋችኋል። የሚበላበትን የራሱን ማንኪያና የለመደውን ምግብ ያዙ። ልጁን ቤት የምትይዘው አያትም ትሁን ሞግዚት ከተቻለ አብራችሁ ውሰዷት። ቤት ውስጥ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ሲታጠብ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ሂዱ፤ እዚያ ሲደርስ ወይ ይተኛል ወይ ያለቅሳልና።